ስለ ሕንድ ወታደሮች ሥዕልና ስለ ደረታቸው ኒሻን

በእንግሊዝ አገር በቀለም እየታተሙ ለሕዝብ ከተሸጡት የቆዩ ሥዕሎች መካከል የሕንድን ወታደሮች የሚያሳዩት ብዙዎች ናቸው። ጥምጥሙን በሥርዓት የጠመጠመ፥ ጢሙ የተበጠረ፥ ጎራዴውን የታጠቀ፥ በደረቱም ላይ ኒሻንና ሜዳይ የተደረደረለት ሰው በግርማ ቆሞ ይታያል። እነዚህ ሥዕሎች ዛሬም በክፈፍ እየገቡ ይሸጣሉ፤ በግድግዳም ይሰቀላሉ። የሚመለከታቸውም ሰው ቀለማቸውን አድንቆ ያልፋል። እኛ ግን አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን፤ ይኸውም ከሥዕሉ ግርጌ የተጻፈውን ነው።

ከግርጌው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የሰውየው ስም ሳይሆን የክፍለ ጦሩና የነገዱ ስም ነው። በ1911 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን፥ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ሻለቃ ሎቬት ሥሎት ሻለቃ ማክመን ያብራራው «የሕንድ ሠራዊቶች» የተባለ መጽሐፍ በለንደን ታትሟል። በውስጡ 72 ባለ ቀለም ሥዕሎች አሉ። ሎቬት ራሱ ወታደር ስለ ነበረ የጥምጥሙን አጠቃለልና የልብሱን ቀለም ጠንቅቆ ሣለ። ስለ ሰዎቹ ግን የሚነገረን ይህ ሲክ ነው፥ ይህ ዶግራ ነው፥ ይህ የፑንጃብ እስላም ነው እየተባለ ነው። አባቱ ማን እንደ ሆነ፥ ሜዳዩን በየትኛው ጦርነት እንዳገኘ ብንጠይቅ የሚመልስልን የለም። የፈረስ ነጋዴ እንኳ መልካም ፈረስ ሲያሳይ ስሙን ሳይናገር አይቀርም።

ይህ አጻጻፍ በድንገት የመጣ አይደለም። በ1857 የሕንድ ወታደሮች በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ላይ ከተነሡ በኋላ እንግሊዞች ወታደር የሚመለምሉበትን አገር ለወጡ፤ ወደ ፑንጃብና ወደ ኔፓልም አዘነበሉ። ከዚያም አንዳንዱ ነገድ ለጦርነት የተፈጠረ ነው፥ ሌላው ግን ወታደርነት አይሆንለትም የሚል ትምህርት አስፋፉ። ሥዕሎቹም የዚህ ትምህርት ማስረጃ እንዲሆኑ ተደረጉ። እንዲህ ባለው መዝገብ ውስጥ አንዱ ሰው ለነገዱ ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ስለሚቆም፥ የገዛ ስሙ ለመዝገቡ ትርፍ ነገር ነበር።

የኒሻኑም ነገር እንዲሁ ነው። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1837 ለሕንድ ወታደሮች የሙያ ኒሻን አቆመ። በ1856 ንግሥት ቪክቶሪያ በስሟ የሚጠራውን መስቀል ስታቆም ግን ይህ ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት ለሕንድ ተወላጅ ወታደር አልተፈቀደም። ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በዴልሂ በተደረገው ታላቅ ጉባኤ እስኪፈቅድ፥ እስከ 1911 ድረስ፥ 55 ዓመት ሙሉ እንዲሁ ቆየ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የዚህ ሕግ ትርጉም ከመቅደላ ይገለጥለታል። በ1860 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጄኔራል ናፒየር ይዞት የመጣው ወደ 13 ሺህ የሚሆን ወታደር አብዛኛው ሕንዳዊ ነበረ። መድፉን ተሸክመው ተራራውን የወጡት 44 ዝሆኖችም ከሕንድ የመጡ ናቸው። በዚያን ጊዜ በለንደን የታተሙት የሥዕል ጋዜጦች ዝሆኖቹን አጥብቀው ወደዱ። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ፊታውራሪ ገብርዬ በወደቁበት ውጊያ የፑንጃብ ወታደሮች በሳንጃ እስከ መጋጠም ደርሰው ተዋግተዋል። ከሦስት ቀን በኋላ የመቅደላ በር ሲወሰድ ግን የቪክቶሪያን መስቀል የተሸለሙት ከእንግሊዝ ክፍለ ጦር የነበሩት በርጊንና ማግነር ናቸው። የሁለቱን ድፍረት አንክድም፤ ቅጥሩን ዘለው መግባታቸው እውነት ነው። ነገር ግን አንድ የፑንጃብ ሰው ከእነርሱ ቀድሞ ቢዘል ኖሮ ሕጉ መስቀሉን ይከለክለው ነበር።

ሕጉ ከተለወጠ በኋላ በሕንድ ተወላጆች ዘንድ የመጀመሪያውን መስቀል ያገኘው ኩዳዳድ ካን ነው። ኦክቶበር 31 ቀን 1914 በቤልጅግ አገር፥ በሆለቤክ አጠገብ፥ የመትረየስ ተኳሽ ነበረ። አዛዡ ቈሰለ፤ ሁለተኛው መትረየስ በመድፍ ተሰበረ፤ ከእርሱ ጋራ የነበሩት አምስት ሰዎች እስከ መጨረሻው ሞቱ። እርሱ ቈስሎ ሳለ መተኰሱን አልተወም፤ ጠላትም ሞቷል ብሎ አልፎት ሄደ። በኋላ እየተሳበ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። ከዚህ ወዲያ የታተመው የእርሱ ሥዕል ስም አለው። ከሎቬት መጽሐፍ እስከዚህ ድረስ ያለው ሦስት ዓመት ብቻ መሆኑን ስናይ፥ የወታደሩ ስም ጠፍቶ የኖረው በቸልታ እንጂ በችግር እንዳልነበረ እንረዳለን።

በ1933 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ደግሞ የሕንድ ወታደር ወደ ምድራችን ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን የመጣው የፋሺስትን ጦር ለመውጋት ነው። መተማ ከተያዘች በኋላ የ22 ዓመቱ ምክትል መቶ አለቃ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ጠላት የቀበረውን ፈንጂ ለማውጣት ታዘዘ። በአራት ቀን ውስጥ 88 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ 15 የፈንጂ ቦታዎችን አጸዳ። ሁለት ጊዜ ተሽከርካሪው ከበታቹ ፈነዳ፤ አንድ ጆሮው ደነቈረ፤ ሌላ ሰው ይተካህ ቢሉት እንቢ አለ። በዚያው ወር በከረን ተራራ ሱበዳር ሪችፓል ራም ስድስት ጊዜ የመጣበትን ጠላት መለሰ፤ ከአምስት ቀን በኋላ እግሩ ተቈርጦ ሳለ ሰዎቹን ወደ ፊት እየገፋ ሞተ። ሁለቱም የቪክቶሪያን መስቀል አገኙ። የመቅደላ ዝሆኖችን ታሪክ ከልጆቻችን ብዙዎቹ ያውቃሉ፤ የእነዚህን የሁለቱን ስም ግን በትምህርት ቤት ስንቱ ሰምቶት ይሆን?

እነዚህ ሰዎች በደመወዝ ለባዕድ መንግሥት ያደሩ አይደሉምን፥ ሌላውንስ ሕዝብ ለማስገበር አልተዋጉምን የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በአሮጌ የወደቁት የእኛ ሰዎች ናቸው። ኤፕሪል 13 ቀን 1919 በአምሪትሳር ባልታጠቀ ሕዝብ ላይ በጄኔራል ዳየር ትእዛዝ የተኰሱትም ከዚያው ከቅኝ ገዢው ሠራዊት የተመደቡ፥ የሕንድና የኔፓል ተወላጆች ነበሩ። ይህን ሁሉ ሳንሰውር የምንለው ግን አለ። ጀግንነትን የሠራው ሰውየው ነው፤ ጦርነቱን የመረጠው ጌታው ነው። ስም የሌለው ሥዕል ሁለቱን ያደባልቃል፤ የሰውየውን ድፍረት ወስዶ ለጌታው ጌጥ ያደርገዋል። በደልም ሠርቶ እንደ ሆነ፥ ስም የሌለውን ሰው ማን ይጠይቀዋል?

ነገሩ በሥዕል ብቻ የቀረ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን። በ1929 በባስራ ለሜሶጶታሚያ ሟቾች በተሠራው ሐውልት ላይ የእንግሊዝ ወታደርና የሕንድ መኰንን በስማቸው ሲቀረጹ፥ ተራው የሕንድ ወታደር በክፍለ ጦሩ ሥር በቍጥር ብቻ ተመለከተ። ያን ጊዜ ሐውልቱን ያሠራው የመቃብር ኮሚሽን በ2021 ባወጣው መግለጫ በዚያ ዘመን ከ45 ሺህ የማያንሱ የእስያ፥ የአፍሪካና የሌላም አገር ሙታን ከሌሎቹ ጋራ እኩል እንዳልታሰቡ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአገራችን ሰው፥ ስሙ ከመቃብሩ በታች የቀረበትን ሰው ሐዘን ለመረዳት አይቸገርም።

የእኛም ሠዓሊዎች ከነቀፋ ነጻ አይደሉም። በዐድዋ ሥዕል ላይ የንጉሡና የመኳንንቱ ስም ከራሳቸው በላይ ተጽፎ እናነባለን፤ ጋሻውን መክቶ ከፊት የሚወድቀው ባላገር ግን ስም የለውም። የኛ ሠዓሊ ግን ያን ባላገር የነገድ ናሙና አላደረገውም፤ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ እነዚህን ሥዕሎች የሚሸጥ፥ የሚሰቅል ወይም በቤተ መዘክር የሚያሳይ ሁሉ ከግርጌያቸው አንድ መሥመር እንዲጨምር እንጠይቃለን። የሚጻፈው ረጅም አይደለም፤ ስሙ፥ የተወለደበት መንደር፥ ኒሻኑን ያገኘበት ስፍራና ቀን ነው። የኩዳዳድ ካን ሥዕል ያለው ሰው «በፑንጃብ በቻክዋል ወረዳ ዳብ በተባለ መንደር የተወለደ» ብሎ ቢጀምር ይበቃዋል። ስሙ ከቶ የማይገኝ ሲሆንም ቦታውን ባዶ ከመተው «ሠዓሊው ስሙን አልጻፈም» ብሎ መጻፍ ይቻላል።