ፍጥነት ከልኬት በኋላ

የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል መንትያ ከተሞች ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ደግሞ የዓለማችንን ፈጣን ኮምፒውተሮች የሠሩ ኩባንያዎች መቀመጫ ነበሩ። የዚያ ዘመን አንድ ታሪክ ዛሬ ሶፍትዌር ለሚጽፉ ወጣቶቻችን ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ኮንትሮል ዳታ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 ስታር 100 የተሰኘውን ኮምፒውተር ለተጠቃሚዎች አስረከበ። ማሽኑ ረጃጅም የቁጥር ረድፎችን በአንድ ትእዛዝ እንዲያሰላ የተነደፈ ሲሆን፣ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ስሌት እንዲደርስ ታስቦ ነበር። የተጠቃሚዎቹ ፕሮግራሞች ግን አጫጭር ረድፎችና ነጠላ ስሌቶች የበዙባቸው ነበሩ፤ በእነዚህ ላይ ስታር 100 አዝጋሚ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያውን ለቅቆ የወጣው ሲሞር ክሬይ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሎስ አላሞስ ያቀረበው ክሬይ 1 በሁለቱም ዓይነት ስሌት ፈጣን ስለነበር ልቆ ታየ።

ይህ ችግር በሶፍትዌር ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራመሮች ደጋግመው በሚገለገሉበት የኮድ ስብስብ ላይ ሲደርስ ይብሳል። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይር ላይብረሪ እንውሰድ። ጸሐፊው ለፍጥነት ሲል ቀን፣ ወርና ዓመትን በአንድ ቁጥር ውስጥ አጭቆ ቢያቀርብ፣ ተጠቃሚዎች ፕሮግራማቸውን በዚያ ቁጥር ላይ ይገነባሉ። ነገ ሰዓት መጨመር ቢያስፈልግ የሁሉም ሥራ ይፈርሳል። ስሌቱ ግን ጥቂት መደመርና ማካፈል ብቻ ነው፤ ጊዜውን የሚበላው ብዙውን ጊዜ ከፋይል ወይም ከኔትወርክ መረጃ ማምጣቱ ነው። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ጳጉሜን 6 በትክክል ማስላት ከዚያ ፍጥነት ይበልጣል።

ይህ ማለት ፍጥነት አያስፈልግም ማለት አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ፣ 97 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ስለ ጥቃቅን ቅልጥፍና መጨነቅ እንደማይገባ፣ ወሳኙን 3 በመቶ ግን ችላ ማለት እንደማይገባ አስገንዝቧል። ያ 3 በመቶ የሚታወቀው በግምት ሳይሆን በልኬት ነው።

ስለዚህ ላይብረሪ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ትክክለኛና ግልጽ ኮድ ይጻፍ፤ ቀጥሎ ይለካ፤ ከዚያም ተጠቃሚው የሚያየውን ሳይነካ ውስጡን ያፍጥን። አለዚያ ነገሩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ተጠቃሚው ነው።