ለዳዕዋ ስንወጣ እንዴት ሆነን ነው የምንወጣው?



ባለፈው ወር በአንድ ለቅሶ ቤት የሆነውን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ሁለት ሙስሊም ወጣቶቻችን ድንኳን ገብተው፣ ገና ቁጭ ብለው «ያጽናችሁ» እንኳ ሳይሉ፣ ስለ ሞትና ስለ ገሃነም ማስተማር ጀመሩ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ፣ ድምፃቸው ገበያ መሐል እንዳለ ሰው ነበር። በማግሥቱ የሟች እህት መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ልጆቻችሁን ምን በደልናቸው?» አሉኝ። ምን ልበል? እኚህ ሴት በእድራችን ዝግጅት ሁሉ የሙስሊሙ ድስት ከክርስቲያኑ እንዳይነካካ ጭልፋው ሳይቀር ለይተው የሚያስቀምጡ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ልጆቹን ለማዋረድ አይደለም። ቅኖች ናቸው፤ ብርድ ዝናብ ሳይሉ ሱብሒን በጀመዓ ይሰግዳሉ። ነገር ግን ሰውን ወደ እስልምና ለመጥራት ቅንነት ብቻውን አይበቃም፤ ጎረቤት ቃላችንን ከመስማቱ በፊት እኛን ያያል። ሙስዐብ ኢብን ዑመይርን እንውሰድ። በ621 እ.ኤ.አ. ገደማ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና የላኩት ይህ ወጣት፣ መካ ሳለ በአለባበሱና በሽቶው የታወቀ ነበር። ከአገሩ አለቆች አንዱ የነበረው ኡሰይድ ኢብን ሁደይር ጦር ይዞ እየተቆጣ ሲመጣበት ሙስዐብ አልጮኸም። ተቀምጦ እንዲያዳምጥ፣ ነገሩን ካልወደደው ግን እንደሚተወው ነው የነገረው። ኡሰይድም ጦሩን ተክሎ ተቀመጠ፤ በኋላም ሰለመ። እስቲ አስቡት፣ ጦር ለያዘ ሰው እንዲህ ከተባለ፣ ላዘነ ሰውማ?

መልካም ገጽታ ሲባል ውድ ልብስ የሚመስላቸውም አሉ። አይደለም። ያው ሙስዐብ በ625 እ.ኤ.አ. ኡሑድ ላይ ሲገደል ለከፈን የተገኘለት አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር፤ ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይገለጥ ነበር። የታጠበ ሸሚዝ፣ የተቆረጠ ጥፍር፣ አንድ መፋቂያ ከድሃም አቅም በላይ አይደለም። (ስለ ካልሲ ባልናገር ደስ ባለኝ፤ ግን በመስጊዳችን በር ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ነቢዩ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሽታው ሌላውን እንዳያስቸግር ወደ መስጊድ እንዳይቀርብ አዘዋል። የኛ ካልሲ ከሽንኩርት አይብስም ወይ?)

አንዳንድ አባቶች «እንግዲያው ልጆቹ ዳዕዋ የሚሉትን ነገር ጭራሽ ይተዉ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚጠይቅ ጎረቤት አለ፣ መልስ ይገባዋል። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በአገራችን ንጉሥ በነጃሺ ፊት የተናገረውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም፤ ብቻ የተናገረው ሲጠየቅ እንደነበር ልብ በሉልኝ። ስለ መርየም የወረደውን ምዕራፍ መርጦ ማንበቡም ሰሚዎቹ እነማን እንደሆኑ ቢያውቅ ነው። ለቅሶ ቤት ግን የጠየቀን ሰው አልነበረም። እዚያ የሚፈለግብን ውኃ መቅዳት፣ ወንበር ማንሳት፣ ማምሸት ነበር።

የፊታችን እሑድ ከዐስር ሰላት በኋላ ከልጆቹ ጋር ወደዚያ ቤት ይቅርታ ለመጠየቅ እንሄዳለን። አብራችሁን መሄድ የምትፈልጉ መስጊዱ በር ላይ እንገናኝ። ልጆቹም እሺ ብለዋል፤ አንደኛው እንዲያውም «ባዶ እጃችንን ከምንሄድ ቡናና ስኳር እንያዝ» አለኝ።