ሠረገሎቹ ከጎዳና አይውጡ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለዮርክ ከተማ ምክር ቤት

ለተከበረው የዮርክ ከተማ ምክር ቤት፣

ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው የዮርክን የመካከለኛው ዘመን መንፈሳዊ ተውኔቶችና ከሥራ ሰዓት ውጭ ተለማምደው የሚያቀርቧቸውን አማተር ተዋንያን ነው። ተውኔቶቹ በሠረገላ ላይ፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ መታየታቸው እንዳይቋረጥ ምክር ቤቱ ዋስ ይሁን።

ጉዳዩ ለምክር ቤቱ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1415 የከተማዋ ጸሐፊ ሮጀር በርተን የየሙያ ማኅበሩን የተውኔት ድርሻ በመዝገብ አስፍሯል። የኖኅ መርከብ ለመርከብ ሠሪዎች፣ የጥፋት ውኃ ለዓሣ አጥማጆችና ለመርከበኞች፣ የመጨረሻው እራት ለዳቦ ጋጋሪዎች ደረሰ። ተዋንያኑ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዝግጁ እንዲሆኑ ይታዘዙ ነበር።

ተውኔቶቹ ከ1569 በኋላ ተቋረጡ። በ1951 ማርቲን ብራውን በቅድስት ማርያም ገዳም ፍርስራሽ መካከል ዳግም ሲያዘጋጃቸው፣ ከመላእክቱ አንዷን የተጫወተችው በኋላ ዝነኛ ተዋናይት የሆነችው የከተማዋ ተማሪ ጁዲ ዴንች ነበረች። በ1998 ደግሞ የሙያ ማኅበራቱ ራሳቸው ሠረገሎቹን ይዘው ጎዳና ወጡ።

አዳራሽ ከዝናብ ያስጥላል፤ ጎዳናን ግን አይተካም።

የምስማር ሠሪዎች ድርሻ የነበረውን የስቅለት ክፍል እንመልከት። የመስቀሉ ቀዳዳዎች ተራርቀው ተበስተዋል፤ አራቱ ወታደሮች የኢየሱስን እጅ በገመድ እየጎተቱ ያደርሱታል። የሚያማርሩት ስለ ሥራቸው ክብደት ነው፤ ስለሚሠቃየው ሰው ግድ የላቸውም። መስቀሉ ሲቆም ኢየሱስ የሚናገረው በመንገድ ለሚያልፉ ሰዎች ነው። ደራሲው ቃሉን የጻፈው እዚያው ጎዳና ላይ ለቆመው ሕዝብ ነበር። ገመዱን የሚጎትተው ተመልካቹ በየቀኑ ሰላም የሚለው ጎረቤቱ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ታቦት አጅቦ የወጣ ኢትዮጵያዊ የመንገዱን ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም።

ሠረገላ ግን ቤት ይፈልጋል። የነጋዴዎቹ ማኅበር የ1433 የንብረት ዝርዝር ባለ አራት መንኮራኩር ሠረገላ፣ የሲኦል አፍና የአጋንንት ጭምብሎች ይዟል። ያን ጊዜ የሠረገሎቹ ማደሪያ ቶፍት ግሪን የተባለው ስፍራ ነበር።

ስለዚህ ምክር ቤቱ የሠረገላ ማስቀመጫ፣ የመለማመጃ አዳራሽና በትዕይንቱ ዕለት መንገድ የመዝጋት ሥራ በቋሚ ዕቅዱና በበጀቱ ውስጥ እንዲያካትት ይጠየቃል። ተዋንያኑ ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን በነጻ ይሰጣሉ፤ ከተማዋ መንገዷንና ጣሪያዋን ትስጣቸው።

ከአክብሮት ጋር