ሙግት፦ የሶሻል ወርክ ተማሪ ከየት ይምጣ?

ከየክልሉ ይምጣ
(የወልቂጤው ጸሐፊ)

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ጉብርዬ ባለው ግቢው የሰፈሩት ወጣቶች በአገር አቀፍ ምደባ የመጡ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው ግጭት ሲነሣ ብዙ ወላጅ «ልጄ በቅርቤ ይማር» አለ። ጭንቀቱ ይገባኛል። ሶሻል ወርክ ለሚማረው ግን ይህ አይበጀውም። ሰው ቤት ገብቶ የተጣላን ባልና ሚስት፣ የተረሳን አረጋዊ፣ ከቤት የወጣን ልጅ ጉዳይ የሚይዝ ባለሙያ የራሱን ወግ የሁሉ ወግ ካደረገው ጉዳት ያደርሳል። ይህን ከመጽሐፍ አይማርም፤ ከጋምቤላ ወይም ከአፋር ከመጣ ጓደኛው ጋር አንድ የቡድን ሥራ ላይ ተከራክሮ ነው የሚለምደው።

ምስጢርም አለ። ከተማችን ትንሽ ናት። በቤቷ የተደፈረች ልጅ የምትነግረው ባለሙያ የአባቷ ዕድርተኛ ልጅ ከሆነ ዝም ትላለች።

ያካባቢው ልጅ ይቅደም
(የቡታጅራዋ ጸሐፊ)

ወንድሜ ስለ ምስጢር ያሉትን አልሟገትም። ያቺ ልጅ ግን በምን ቋንቋ ትናገር? በመስቃን ገጠር አድጋ አማርኛው የማይቀናት ከሆነ አስተርጓሚ ይፈለጋል፤ አስተርጓሚው ደግሞ ያው ጎረቤት ወይም አጎት ነው። ምስጢሩ እዚያው ወጣ።

የሙያው ትምህርት ቤት በአገራችን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ በማስተርስ ደረጃ ዳግም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የገጠሩን ሰው ችግር የተሸከሙት የጆካ ባህላዊ ሸንጎ ሽማግሌዎች፣ የጎርደና ሴራ የሚባለው ባህላዊ ሕግና ዕድሩ ነበሩ። እነዚህን የማያውቅ ምሩቅ ቀበሌ ቢመደብ ቅጽ ከመሙላት አያልፍም፤ ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። ስብጥር ሲባል የክልል ስም ብቻ ይቆጠራል። ጉራጌ ውስጥ «ፉጋ» እየተባሉ የተገለሉ፣ በሸክላና በእንጨት ሥራ የኖሩ፣ መሬት የተነፈጉ፣ ሌላው ለትዳር የማይፈልጋቸው ቤተሰቦች አሉ። ልጆቻቸው የት ናቸው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በዚያ ወንፊት እንዴት ትለፍ? ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች የሚሰጥ ልዩ ድጋፍ አለ፤ መገለሏን የሚቆጥርላት ግን የለም። ከሩቅ ክልል የመጣ ተማሪ አይተን ክፍሉ ተሰባጠረ ስንል እርሷ ደጁን አልረገጠችም። ያካባቢው ልጅ ይቅደም የምለው እርሷን ይዤ ነው።

የወልቂጤው መልስ

እኅቴ ስለ ሸክላ ሠሪዋ ልጅ ያሉት ልቤን ነክቶታል፤ በ«አካባቢ» ስም ትገባለች ብዬ ግን አላምንም። ያገለላት አካባቢው ራሱ ነው። የአካባቢ ኮታ ቢከፈት ቀድሞ የሚሞላው የነጋዴውና የመምህሩ ልጅ ነው። ደግሞስ አካባቢው የማን ነው? ቡታጅራ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ መስቃኑ፣ ክስታኔው፣ ማረቆውና ስልጤው በአንድ ገበያ ይውሉባታል። ይህ «የማን» የሚለው ጥያቄ በመስቃንና በማረቆ የሰው ሕይወት ያስከፈለ ነው። እንደገና ዩኒቨርሲቲ በር ላይ እንዲጠየቅ አልፈልግም።

የቡታጅራዋ መልስ

እንግዲያው «አካባቢ» የሚለውን ልተወው፤ ኮታው ለተገለሉት ቤተሰቦች ልጆች በስም ይሰጥ። ተማሪዋም ለመስክ ልምምድ ዘመዶቿ ሠፈር አትላክ፤ የወንድሜ ስጋት ትክክል ነው። ቋንቋውን ግን አለቅም። ከየትም የመጣ ተማሪ በእነዚህ ወረዳዎች የሰው ቤት ከማንኳኳቱ በፊት የዚያን ቤት ቋንቋ ሊግባባበት በሚችለው ያህል ተምሮ ይለፍ፤ ኮርሱም ነጥብ ይያዝበት።