ልጄ ስታስተረጉምልኝ

በዚህ ወር ልጽፍላችሁ ያሰብኩት ስለ ላይፕዚጉ የቶማስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ባኽ ከ1723 እስከ 1750 (እ.ኤ.አ.) የመዘምራኑ አለቃ ሆኖ የሠራበትና መቃብሩም ያለበት ቦታ ነው። ዓርብ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዛሬም የልጆቹ መዘምራን ሲዘምሩ መስማት ይቻላል። በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። ልጄ ትምህርት ቤት ያደረግናት የሩብ ሰዓት ውይይት ሐሳቤን ሁሉ ወሰደችው።

እንደምታውቁት በባለቤቴ ሥራ ምክንያት እዚህ ከመጣን ዓመት አልፎናል። የስምንት ዓመቷ ልጄ በጥቂት ወራት ውስጥ ጀርመንኛውን እንደ ውኃ ጠጣችው። እኔ ግን ትምህርት የጀመርኩት ትንሹ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ቦታ ሲያገኝ ነው። 600 ክፍለ ጊዜ ያለው ኮርስ ሲሆን መጨረሻው ቢ-1 የሚባለው ፈተና ነው። አብረውኝ ከሚማሩት አንዱ ከሶርያ የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ከዩክሬን የመጣች የሒሳብ መምህርት አለች፤ ከቬትናም የመጡ የልጅ ልጅ ያዩ እናትም አሉ። ሁላችንም በየአገራችን የተከበርን ሰዎች ነን። እዚህ ግን በየማለዳው ተራ በተራ ተነሥተን «ስሜ እገሌ ይባላል፤ ሻይ እወዳለሁ» እንላለን።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል የሚሆኑ ነገሮች አሉ። «ዱ» አንተም አንቺም ማለት ነው፤ «ዚ» ደግሞ እርስዎ። ሌሎቹ መቼ የትኛውን እንደሚሉ ሲጨነቁ እኔ ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ነገር ነው። «ቫይል» የምትባል ቃል ስትገባ ደግሞ (የእኛው «ምክንያቱም» ናት) ግሡ ተገፍቶ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። አስተማሪያችን ይህን ስታስረዳ ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ። እኔ ብቻ ደስ አለኝ፤ ግስን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የለመድነው አይደል?

ሰዓቱ ግን አዋርዶኛል። «ሃልፕ ድራይ» ቃል በቃል «ግማሽ ሦስት» ነው። እኔ በእኛ አነጋገር ሦስት ተኩል መስሎኝ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አንድ ሰዓት አሳልፌ ደረስኩ። ለካስ ወደ ሦስት ግማሽ መንገድ ማለት ኖሯል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል! እሱም በእነሱ አቆጣጠር ነው እንጂ በእኛ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ያን ቀን ስልክ ደውላ ይቅርታ የጠየቀችልኝ ልጄ ናት። ሐኪም ቤት እሷ፣ ከቤት አከራዩ የመጣ ደብዳቤ ሲነበብ እሷ። ለዘመድ ሁሉ «አስተርጓሚዬ» እያልኩ እኮራባት ነበር።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር ሁለታችን ሄድን፤ በልጆች ወንበር ተቀመጥን። አስተማሪዋ ትናገራለች፣ ልጄ ታስተረጉማለች። «ሒሳብ ጎበዝ ናት ትልሻለች።» «ጽሕፈቷ ቆንጆ ነው ትልሻለች።» ከዚያ አስተማሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ልጄ ትንሽ ቆየችና «ሁሉም ጥሩ ነው ትልሻለች» አለችኝ።

ከዚያ ሁሉ ንግግር እኔ የያዝኩት ሁለት ቃል ነበር። «ፓውዘ»፣ እረፍት። «አላይን»፣ ብቻ። ሁለተኛዋን የተማርናት በዚያው ሳምንት ሰኞ ነበር። ልጄን አየኋት፤ እሷ ጫማዋን ታያለች። «ዳንከ» ብዬ ተነሣሁ። ትራም ላይም አልጠየቅኋትም። ማታ ባለቤቴ «በሚቀጥለው እኔ እሄዳለሁ» ሲለኝ ለምን እንደተናደድኩ እስካሁን በደንብ አልገባኝም።

ቅዳሜ ትንሹን ጉንፋን ስለያዘው ከአባቱ ጋር ቀረ፤ እኔና እሷ ጎታ ሄድን። በወር አንዴ በሚከፈለው የመላ አገር ትኬት ፈጣኑን ባቡር መሳፈር ስለማይቻል በዝግተኛው በቫይማርና በኤርፉርት አድርገን ነው የሄድነው። ጎታ ትንሽ ከተማ ናት። ኮረብታዋ ላይ ግን ፍሪደንሽታይን የተባለ ግዙፍ ቤተ መንግሥት አለ፤ ከ1643 እስከ 1654 የተገነባ። በ1652፣ ግንባታው ገና ሳያልቅ፣ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአማራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ፣ እዚህ መጥተው ነበር። የጋበዛቸው መስፍኑ ኤርንስት ነው፤ ያገናኛቸው ደግሞ የኤርፉርቱ ተወላጅ ሂዮብ ሉዶልፍ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ጀምሮት ነበር፤ አባን ሮም ውስጥ በ1649 ካገኛቸው በኋላ ግን ዋና መምህሩ እሳቸው ሆኑ። የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ያሳተመው እሳቸው ባስተማሩት ነው።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ዳቦ በአይብ እየበላን ይህንን ነገርኳት። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ መስጠማቸውን ዘለልኩት።

«ጀርመንኛ ይችሉ ነበር?» አለችኝ።

«ሲመጡ አይችሉም ነበር።»

«ታዲያ መስፍኑ ሲያናግራቸው ማን ያስተረጉም ነበር?»

«ሉዶልፍ።»

ትንሽ አኘከችና፣ «ሁሉንም ነገር ይነግራቸው ነበር?»

ዝም አልኩ። እሷ ናት የቀጠለችው። «አንዳንዴ የሚያስተረጉም ሰው ይዘላል እኮ፣ እማዬ። ታዝኛለሽ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወጣላት። አብረዋት ይጫወቱ የነበሩት ሁለት ልጆች ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረዋል። በእረፍት ሰዓት ግድግዳው ጋ ትቆማለች። ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ቀስ ብላ ስለምትናገር ሁሉም ይገባታል፤ ሜዳ ላይ ግን ልጆቹ ይፈጥናሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ቃል ያሳጥራሉ። እሷ መልሱን አዘጋጅታ እስክትጨርስ ጨዋታው አልፏል። እኛ ቤት «ጨርሳዋለች» ስንል የነበረው ጀርመንኛ የመማሪያ ክፍሉ ጀርመንኛ ነበር። እኔ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ከፋይ ፊት ቆሜ የሚደርስብኝ ያው ነገር በየቀኑ ይደርስባት ኖሯል፤ ከዚያ ቤት መጥታ ደግሞ የእኔን ትሸከማለች።

ውጭ አገር ዘመድ ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በብዙ የጀርመን ከተሞች ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቀጠሮ አስተርጓሚ የሚያገናኙ ማኅበራት አሉ። እኔ ይህን ያወቅሁት ከቬትናሟ እናት ነው፤ እሳቸው የልጅ ልጃቸውን አስተርጓሚ ማድረግ ካቆሙ ቆይተዋል።

እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ፣ መንደሩም ጸጥ ያለ ነው። ቁጭ ብዬ ለአስተማሪዋ ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። «ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ልጄ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ናት» የሚለው ላይ ግሡን በቦታው፣ መጨረሻ ላይ፣ አስቀመጥኩት። ልጄ ከትከሻዬ በላይ አየችና «እማዬ፣ እዚህ ጋ ‹ዴር› አይደለም፣ ‹ዲ› ነው» አለች።

«ተይው፣ እንዲሁ ይሂድ» አልኳት።

መልሱ ማክሰኞ መጣ። ቀጠሮው ረቡዕ ሃልፕ ድራይ ነው። ሁለት ጊዜ ጠይቄ በቁጥር አስጽፌዋለሁ። አስተርጓሚዋ ከማኅበሩ ትመጣለች፤ ልጄ ያን ሰዓት ክፍሏ ውስጥ ናት።