ልጃችን ሲቸግረው የማንን በር ያንኳኳ?

በዚህ እትም ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ከላኩና ለመላክ ከተዘጋጁ ባለ ትዳሮች ጋር እንነጋገራለን። ልጆቻችሁ ገና ትንንሽ ከሆኑም አብራችሁን ቆዩ፤ የምናነሣው ነገር ዘሩ የሚዘራው በልጅነት ነውና።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚሰማበት ሰሞን ቤቱ በአንድ ጥያቄ ይሞላል፤ «የት ደረሰው?» ጎረቤት ይጠይቃል፣ ዘመድ ይደውላል፣ በጉባኤ ምስጋና ይቀርባል። ከዚያ ብርድ ልብስና አንሶላ ይገዛል፣ በሶና ቆሎ ይሰናዳል፣ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ይጸልያሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት የሚረሳ አንድ ስንቅ አለ። ልጁ በሄደበት አገር ሲታመም፣ ሲከፋው፣ ውጤቱ ሲበላሽ ወይም ሰው ሲያስቸግረው ማንን እንደሚጠይቅ ማወቁ ነው። ማወቁም ብቻ አይበቃም። እርዳታ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ከአባቱና ከእናቱ አፍ ሰምቶ መሄድ አለበት።

ወላጅ የማያየው ኑሮ

የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በአንድ ኮሌጅነት ሥራውን ሲጀምር ዩኒቨርሲቲ የሚለው ስም ለጥቂት ቤተሰብ ብቻ የሚታወቅ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ናቸው። የአዲስ አበባ ልጅ ሠመራ ወይም ጅግጅጋ፣ የአርባ ምንጭ ልጅ ደብረ ብርሃን ወይም አሶሳ ሊመደብ ይችላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእናቱ ጓዳ ርቆ አድሮ የማያውቅ ልጅ በአንድ ጊዜ ከማያውቃቸው ወጣቶች ጋር በተደራራቢ አልጋ ላይ ይተኛል። አንዱ ሌሊቱን መብራት አብርቶ ያጠናል፣ ሌላው በጊዜ መተኛት ይፈልጋል። ቋንቋቸውም እምነታቸውም ልማዳቸውም የተለያየ ነው። ለቁርስ ይሰለፋል፣ ውኃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ይሸከማል፣ ልብሱን ራሱ ያጥባል።

በዚህ ላይ የትምህርቱ ጫና አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ያንን ወንፊት አልፎ የገባ ልጅ የቤተሰቡን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ተስፋ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ልጁ የሚፈልገውን የትምህርት ክፍል ማግኘቱ በአብዛኛው በዚያ ዓመት ውጤቱ ላይ የተመሠረተ ነው። በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፉ መመረቅ የለም።

እስቲ አንድ ልጅ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። በትምህርት ቤቱ «ጎበዝ» ሲባል ያደገ ነው። በመጀመሪያው ሚድ ፈተና ከ30 ስምንት አመጣ። አፈረ። ለጓደኞቹ አልተናገረም፤ ወደ ቤት ሲደውልም «ሰላም ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» ብሎ ዘጋ። አንድ ክፍል ቀረ፣ ከዚያ ሁለት ቀረ። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት በስልኩ ላይ ያፈጣል። የመጨረሻው ፈተና ሲደርስ ሻንጣውን ይዞ ለማንም ሳይናገር ወደ አገሩ አውቶቡስ ተሳፈረ። ይህ ልጅ ሰነፍ ወይም ዓመፀኛ አልነበረም። በግቢው ውስጥ ሊረዱት የሚችሉ ቢያንስ አራት ቢሮዎች ነበሩ። እርሱ ግን አንዱንም በር አላንኳኳም።

በግቢው ውስጥ ያሉ በሮች

ወላጆች እነዚህን በሮች በስማቸው ልናውቃቸው ይገባል። አጠራራቸው ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ሊለያይ ይችላል፤ ሥራቸው ግን ተቀራራቢ ነው።

የመጀመሪያው የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ነው። ዶርም፣ ምግብ ቤት፣ ክሊኒክና የምክር አገልግሎት በአብዛኛው በዚህ ሥር ይመራሉ። በየሕንፃው ያለው ፕሮክተር ደግሞ ለዶርም ጉዳይ ቅርቡ ሰው ነው። በክፍሉ ሰላም ያጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚያነጋግረው እርሱን ነው።

ሁለተኛው ክሊኒኩ ነው። ራስ ምታትና ወባ ብቻ የሚታከምበት አይምሰላችሁ። እንቅልፍ ማጣት፣ የማያባራ ጭንቀትና ሐዘን ለሐኪም የሚነገሩ ሕመሞች ናቸው። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ክሊኒኩ ወደ ሆስፒታል ይልካል።

ሦስተኛው የምክር አገልግሎት ቢሮ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ተማሪውን ለብቻው ተቀብሎ ያነጋግረዋል። ብዙ ተማሪዎች «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» ብለው አይሄዱም። ልጃችሁ ይህን አባባል ከማንም ከመስማቱ በፊት ከእናንተ ሌላ ቃል ይስማ።

አራተኛው የሥርዓተ ፆታ ወይም የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ለሴት ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ያዘጋጃል፣ ለተቸገሩት ድጋፍ ያፈላልጋል፣ ጥቃትና ትንኮሳ የደረሰባቸውንም አቤቱታ ይቀበላል። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ይህን ጉዳይ አፍራችሁ አትለፉት። ተማሪም ይሁን ሠራተኛ ወይም መምህር፣ ውጤትን ወይም ችግሯን ምክንያት አድርጎ የሚቀርባት ቢኖር ጥፋቱ የእርሱ እንጂ የእርሷ እንዳልሆነ ቤት ሳለች ንገሯት። ዝም የምትለው ብዙውን ጊዜ «አባቴ እኔኑ ይቆጣኛል» ብላ ነው።

አምስተኛው ሬጅስትራር ነው። ከላይ ያየነው ልጅ ያላወቀው ትልቁ ነገር እዚህ አለ። በሕመም ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት መማር ያልቻለ ተማሪ ማስረጃውን አቅርቦ፣ የማቋረጫ ፎርም ሞልቶ በሕጋዊ መንገድ ትምህርቱን ሊያቆምና በኋላ እንዲመለስ ማመልከት ይችላል። ተማሪዎቹ «ዊዝድሮዋል» የሚሉት ይህን ነው። ሳይናገር የጠፋ ተማሪ ግን ተመልሶ ለመግባት ብዙ ይቸገራል። አንድ ፎርም መሙላትና አለመሙላት የዓመታትን ድካም ሊያተርፍ ወይም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ልጃችሁ «በቃኝ፣ መጣሁ» ብሎ ቢደውል አትጩኹበት። «መጀመሪያ ሬጅስትራር ሂድ፤ ፎርሙን ሳትሞላ ከግቢ አትውጣ» በሉት።

ማየት ወይም መስማት ለተሳናቸውና ለሌሎች አካል ጉዳተኞች ደግሞ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ የሚሰጥ ክፍል በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አለ። ምድር ቤት ያለ ዶርም፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ ወይም አንባቢ የሚጠየቀው በዚያ ነው። ጥያቄው ግን ፈተና ከደረሰ በኋላ ሳይሆን በምዝገባ ሳምንት ይቅረብ።

እነዚህን አገልግሎቶች መጠየቅ ልመና አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ውል ይፈርማል። የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም የተወሰነውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ስለዚህ ቀና ብሎ ይጠይቅ።

አንዱ በር ካልተከፈተስ?

እውነቱን እንነጋገር። ብዙ ሺህ ተማሪ ባለበት ግቢ አማካሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ሰልፍ አለ፣ «ነገ ና» የሚል አለ፣ የተዘጋ ቢሮም አለ። ብዙ ልጆች አንድ ጊዜ ሄደው ሲመለሱ ዳግም አይሞክሩም።

እዚህ ላይ ዳንኤልን አስቡ። ከአገሩ ርቆ ለሦስት ዓመት ትምህርት የተመደበ፣ ምግቡ በመንግሥት የተወሰነለት ወጣት ነበር። የምግቡ ነገር ኅሊናውን ሲያስጨንቀው ዝም ብሎ አልተራበም፤ በድብቅም አላመፀም። ወደ ኃላፊው ሄዶ በትሕትና ጠየቀ። ኃላፊው ንጉሡን ፈርቶ አመነታ። ዳንኤል በዚያ አላበቃም። በቅርብ የሚከታተላቸውን ሰው ቀርቦ ለዐሥር ቀን ብቻ እንዲሞክራቸው ለመነው። ታሪኩን በመጽሐፉ ምዕራፍ አንድ ታገኙታላችሁ። ዳንኤል የጸሎት ሰው መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ቢሮ የሚያንኳኳም ሰው ነበር። የመጀመሪያው በር ሲያመነታ ሁለተኛውን አንኳኳ፤ ጥያቄውም አጭርና ሊፈጸም የሚችል ነበር። ለልጆቻችን ይህን ብናስተምራቸው ብዙ ነገር አስተማርናቸው ማለት ነው።

ባልና ሚስት አስቀድመው የሚስማሙበት

አንደኛ፣ በገንዘብ ተስማሙ። አባት «ይበቃዋል» ሲል እናት በጎን የምትልክ ከሆነ ልጁ የሚማረው ሁለታችሁን ማጫወት ነው። በወር የሚላከውን አብራችሁ ወስኑ፤ ጭማሪ ሲጠየቅም አብራችሁ ስሙ። በተደጋጋሚ «ተቸገርኩ» የሚል ስልክ ከመጣ ከመቆጣትም ሆነ ከመላክ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ። ሕመም፣ ብድር፣ ጫት ወይም የስፖርት ውርርድ ሊሆን ይችላል። ሁሉም መፍትሔ አለው፤ የተደበቀ ነገር ግን አይታከምም።

ሁለተኛ፣ ስልክ ስትደውሉ ውጤት ብቻ አትጠይቁ። «ዛሬ ከማን ጋር በላህ? እንቅልፍ እንዴት ነው? የዶርም ልጆችስ?» በሉት። ከውጤቱ ይልቅ የልጁን ሁኔታ የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው።

ሦስተኛ፣ አንድ ቃል አስይዛችሁ ላኩት። ይህን ቃል ቢቻል አባት ይናገረው። «ልጄ፣ ብትወድቅም ልጃችን ነህ። ክፉውን ወሬ ከሰው ሳይሆን ካንተ መስማት ነው የምንፈልገው።» «አንገታችንን እንዳታስደፋን» የሚለው ማስጠንቀቂያ ልጅን ከጥፋት ያድናል ብለን እናስባለን። ብዙ ጊዜ ግን የሚያደርገው ጥፋቱን እንዲደብቅ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ደኅና ሳለ፣ ቢሮዎቹ የት እንዳሉ በእግሩ ሄዶ እንዲያይ አድርጉ። የታመመ ሰው አዲስ መንገድ መፈለግ ይከብደዋል።

አምስተኛ፣ መሄድ ሲያስፈልግ ሂዱ። ስልክ ማንሣት ካቆመ፣ ምግብና እንቅልፍ ከተወ፣ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ነገ አትበሉ። በዚያው ሰዓት ለዶርም ጓደኛውና ለፕሮክተሩ ደውላችሁ ብቻውን እንዳይተውት፣ ወደ ክሊኒክም እንዲያደርሱት ለምኑ። ከዚያ ከሁለት አንዳችሁ ተነሡ።

ቤተ ክርስቲያንስ?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሕግ ከሃይማኖት ነጻ ስለሆነ የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረቶች ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰቡት ከግቢ ውጭ፣ በከተማው ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ይህ ለዩኒቨርሲቲ ከተማ ምእመናን ትልቅ ዕድል ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሁለት ተማሪ ወደ ቤት ወስዶ ምሳ ማብላት ስብከት አይጠይቅም። ከእናቱ ማእድ የራቀ ልጅ በዚያ ማእድ ላይ የሚናገረውን ለማንም አይናገርም። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ ብዙ ተማሪዎች ግቢ ለቅቀው ሲወጡ፣ በከተማው የሚያውቁት አንድ ቤት መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም አይተናል። ላኪዋ ቤተ ክርስቲያንም ልጁን ከመሸኘቷ በፊት በዚያ ከተማ የሚቀበለው ሰው ስልክ ታስይዘው።

የኅብረት መሪዎችም ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። በመዘምራንና በአገልግሎት ብዛት ክፍል የሚቀር ተማሪ ካለ አስታውሱት። ያዘነውን «እምነትህ ስላነሰ ነው» ብላችሁ አትመልሱት። ጸልዩለት፤ ከጸሎቱ በኋላም እጁን ይዛችሁ እስከ ምክር ቢሮው በር ድረስ ሸኙት። ጸሎትና ሕክምና ተጣልተው አያውቁም።

እንግዲህ ባለ ትዳሮች፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «ነገ አንድ ነገር ቢቸግርህ መጀመሪያ ለማን ትናገራለህ?» መልሱን ሳታቋርጡ አድምጡ። የእናንተ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አትቆጡ። ሻንጣው እስኪዘጋ ድረስ ጊዜ አላችሁ።

ጌታ ልጆቻችንን በሄዱበት ሁሉ ይጠብቅልን። በሚቀጥለው እትም በደኅና ያገናኘን።