ዘኬዎስን ከሾላው አውርዱት!

ስልኬ ገና ሳይነጋ መስበክ ይጀምራል። አንዱ ስለ ባትሪ ያስተምረኛል፤ ጸሎት ቻርጀር ነው ይለኛል። ሌላው ስለ ትራፊክ መብራት ይልክልኛል፤ ቀዩ የእግዚአብሔር «ቆይ»፣ አረንጓዴው የእግዚአብሔር «ሂድ» ነው። ሦስተኛው ቡና ይዞ ይመጣል፤ ካልተቆላህ መዓዛህ አይወጣም ይላል። ግርጌው ላይ አበባ፣ የተጣመሩ እጆችና «ለአሥር ሰው ሳትልክ እንዳታልፍ» የሚል ትእዛዝ አለ። አንብቤ ስጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር እታዘባለሁ፤ ከእኔ የተፈለገ ምንም የለም። ይቅርታ ጠይቅ አልተባልኩም። የወሰድከውን መልስ አልተባልኩም። ኪሴም ኩራቴም አልተነካም። የሚጠበቅብኝ «አሜን» ብዬ ጣቴን መጫን ብቻ ነው።

በቃን! ከዕለት ኑሮ የእምነት ትምህርት ማግኘት ይቻላል፤ ያውም ሞልቶ የተረፈ ትምህርት አለ። ግን እውነተኛነቱ በአንድ ነገር ይለያል፤ ዋጋ ያስከፍላል። ሰምተነው እንደነበርን የሚተወን ትምህርት ማባበያ ነው፤ እኛ ደግሞ መባበል ለምደናል።

ከተራ ነገር መማር የእኛው የጥንት ልማድ መሆኑን አልክድም። ቅዱስ ያሬድን የማያውቅ ማን አለ? በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ይህ የአክሱም ልጅ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ አጎቱና መምህሩ አባ ጌዴዎን ቢገርፉት ጥሎ ሄደ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር፣ ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ወጥቶ ፍሬውን ሲበላ አየ። ይህን ታሪክ ከሰንበት ትምህርት ቤት እስከ «ስኬት» አሠልጣኞች መድረክ የማይተርከው የለም። ሁሉም ግን ትሉ ፍሬውን የበላበት ላይ ደርሶ ያጨበጭባል። ትውፊቱ እዚያ አያበቃም። ያሬድ ተነሥቶ ወደገረፉት መምህር ተመለሰ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንደገና ከትምህርቱ ተቀመጠ። የዜማ ድርሰቱ ድጓ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ትሉን ወስደን መመለሱን ትተነዋል።

ጌታችንም ሲያስተምር ያነሣው የጓዳና የሰፈር ነገር ነበር፤ እርሾ፣ ጨው፣ መብራት፣ መረብ፣ የጠፋች ድሪም። የሰማው ሰው ግን እፎይ ብሎ ቤቱ አልገባም። ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ያቀደው ባለጠጋ በዚያችው ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። ድሃው አልዓዛር ከደጁ ወድቆ ሳለ በየቀኑ ይደግስ የነበረው ሰው አልዓዛርን መታው ወይም ሰረቀው አልተባለም፤ ከደጁ የወደቀውን እንዳላየ ሆኖ በላ፣ ጠጣ፤ ይኸው ነው። ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ ቁስለኛውን አይተው ገለል ብለው ያለፉትም ካህኑና ሌዋዊው ናቸው። እንዲህ ያለ ትምህርት በጠዋት በስልካችን ቢላክልን ከቡድኑ ተሽቀዳድመን በወጣን ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በዘኬዎስ ላይ የምንሠራው ግፍ ነው። የቀራጮች አለቃ ነበር፤ ሀብታም፣ ቁመቱ አጭር። ጌታን ለማየት ሾላ ላይ ወጣ። ሰባኪዎቻችን ይህን ሾላ ይወዱታል። «የአንተ ሾላ ምንድን ነው?» ይሉናል። ከፍ በል፣ ከሕዝቡ ተለይ፣ ትታያለህ! እሺ፤ ከወረደ በኋላስ? ዘኬዎስ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሰጠ፤ በሐሰት የወሰደበት ሰው ካለም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ። ለበደለው ሰው የሚገባውን ገንዘብ ለምኩራብ መብራት ማሠሪያ አላዋለውም። ለቤቱ መዳን ሆነለት የተባለውም ያን ጊዜ ነው። እኛ ግን ሰውዬውን ሾላው ላይ ሰቅለን አስቀርተነዋል፤ ሒሳቡ ወደሚወራረድበት ቤት አናደርሰውም።

ለምን እንደማናደርሰው ለማወቅ ገበያ መውጣት ይበቃል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ የተገኘበት አገር ነው። የቀላቀሉት እጆች የማያማትቡ እጆች እንዳይመስሏችሁ። ከሱቁ ግድግዳ የቅዱሳን ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥዕሉ ሥር የተነካካ ሚዛን ተቀምጧል። ነቢዩ አሞጽ ሰንበት እስኪያልፍ የቸኮሉትን፣ መስፈሪያ የሚያሳንሱትንና በሐሰተኛ ሚዛን የሚያታልሉትን ነጋዴዎች የወቀሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ዛሬ መርካቶ ቢመጣ አዲስ ስብከት መጻፍ አያስፈልገውም።

ያው ነጋዴ በክብረ በዓል ቀን ለሕንፃ ማሠሪያ ጠቀም ያለ ብር ሲሰጥ ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ከየት አመጣኸው የሚለው የለም። ሸክላውን በወጥ የበላችው እናት ከሕዝቡ መሀል ቆማ እልል ትልለታለች! ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ሲሰብክ፣ ክርስቶስ በድሃው አካል ከደጅ ተርቦ ሳለ ማዕዱን በወርቅ ጽዋ መሙላት ምን ይጠቅመዋል ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ አፍ ቤተ መንግሥት አይወደውምና በ407 እ.ኤ.አ. በግዞት ላይ ሳለ ዐረፈ። እኛ በስሙ እንምላለን፤ ስብከቱን ግን ከመደርደሪያ አናወርደውም።

ወደ ታክሲው እንግባ። መስታወቱ ላይ መልአኩ፣ ከኋላው ጥቅሱ ተለጥፏል። ማታ ላይ ዝናብ ሲጥል ግን ያው ታክሲ መንገዱን እያቆራረጠ ይጭናል፤ ደክሟት ከሥራ የምትመለሰውን ሴት ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ያስከፍላታል። በውስጡ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን የዚያን ዕለት ጠዋት ስለ ትዕግሥት የሚያስተምር መልእክት ደርሶናል። ስለዚህ እንታገሣለን፤ በእሷ ኪስ!

ጾሙንም እንየው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። እንደኛ የሚጾም ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም፤ በዚህ እኮራለሁ። ግን የጾም ቡፌ ከፍስኩ ማዕድ በልጦ በሚያብረቀርቅበት ከተማ ከሆዳችን ያስቀረነው የማን ሆድ ገባ? ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲዘረዝር ስለ ቅቤና ሥጋ አላነሣም። የታሰረውን መፍታት፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ቤት የሌለውን ማስገባት አለ። እዚያው ምዕራፍ ላይ በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ይከሳል።

ሠራተኞቻቸውን! እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ገጹን ሊገለብጥ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ አትገልብጡት። በየቤታችን አንዲት ልጅ አለች። ደላላ ከገጠር ያመጣት ናት። ሌሊት ተነሥታ የእትዬን ነጠላ ትተኩሳለች፤ እትዬ ቅዳሴ ሲሄዱ እሷ ማድ ቤት ትቀራለች። እየጾመች ለልጆቹ እንቁላል ትጠብሳለች። እሑድ የዕረፍት ቀኗ እንደሆነ የነገራት የለም። እንግዳ ሲመጣ «ልጄ ማለት ናት» ይባልላታል፤ የልጅነቷ ምልክት ግን ማድ ቤቱ ውስጥ ተጠቅልላ የምትነሣ ፍራሽ ናት። ደመወዟስ? «እኔ ጋር ይቀመጥላት፤ ታባክነዋለች።» ወር ሁለት ወር ይሆናል፤ ዓመት ይሞላል። አገሬ ልግባ ባለች ቀን የተሰበረው ብርጭቆና የጠፋው ማንኪያ ይቆጠርባታል።

ሕጉም አልደረሰላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ አገልግሎትን ከአዋጁ ውጭ አድርጎ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አሳልፎታል። ለእኛ ለክርስቲያኖች ግን የነጋሪት ጋዜጣን መጠበቅ ምን አመጣው? ኦሪት ዘዳግም የድሃውን ሠራተኛ ደመወዝ በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳይገባ እንድንከፍል አዝዟል። ያዕቆብ ደግሞ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮህና ጩኸቱ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል። እትዬ የማለዳ ጸሎት ሲያደርሱ ከቁም ሣጥናቸው የተቆለፈው ብር አብሯቸው ይጮሃል። ከዕለት ኑሮ ትምህርት ለሚፈልግ፣ ከዚህ የቀረበ መምህር ከየት ይመጣለታል?

«የደከመውን ሰው መጽናኛ አትንጠቀው» የሚሉኝ አሉ። ማንም አይነጥቅም። እናቴ ሊጥ ስታቦካ ታማትብ ነበር፤ ከምጣዱ ከወጣው እንጀራ ደግሞ «ስለ ማርያም» ብሎ ከደጅ ለቆመው ትቆርስ ነበር። ማማተቧና መቁረሷ አልተለያዩም። ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ ዝክሩ የተሠሩት በዚህ መልክ ነው፤ የቅዱሱ ስም ተጠርቶ ነዳያን ሳይበሉ አይዘጋም። ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ ስታቀብል የኖረች አሮጊት ባትሪውንም መብራቱንም አታውቅም፤ ወንጌሉን ግን ኖራዋለች። «መዳን በሥራ አይደለም» የሚለኝ ደግሞ የያዕቆብን መልእክት ከመጽሐፍ ቅዱሱ ቀዶ አውጥቶ ይምጣና እንከራከር።

ሰባኪው፣ አንተን በተለይ እጠይቅሃለሁ። ስለ ሴቶች ቀሚስ የሰበክኸውን ያህል ስለ ሚዛን ስበክ። ለሕንፃው የሰጠውን ሰው ስም ከመጥራትህ በፊት ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን መቀበላቸውን ጠይቅ፤ ካልተቀበሉ ገንዘቡን መልስለትና ዘኬዎስ የሄደበትን መንገድ አሳየው። ነጋዴው፣ የቀላቀልከውን ድፋው፤ ሚዛንህን አስተካክል። ሾፌሩ፣ የጫንከውን ሰው እስከ መጨረሻው አድርስ። እትዬ፣ ነገ ጠዋት የሚላክልዎት መልእክት ይቆይ። ቁም ሣጥኑን ይክፈቱ፤ የልጅቷን ገንዘብ በፊቷ ቆጥረው ይስጧት፤ ዛሬውኑ፣ ፀሐይ ሳይገባ።